ጀርባችንን ለአስፋልቱ ሰጥተን

ሌላው ሰው መኪናን የሚያውቀው ከፊቱ ነው፤ እኔ ከእግሩ ነው። ደባርቅ ላይ ጎማ መለጠፍ ከጀመርኩ ወዲህ ልጅ ወልጄ ድሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጄ ያልገባ ጎማ ቢኖር የአውሮፕላን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሊማሊሞን መውጣት ፈርቶ እንጂ ባለሙያ አጥቶ አይደለም። ስለዚህ ስለ መኪና ስናገር ሰው ዝም ብሎ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። በዚህ ከተማ ዝም ብሎ የማይሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የታላቅ እህቴ ባል።

እኔና አማቼ መኪናን በፋብሪካው ስም ጠርተን አናውቅም። እንደ እንግዳ ሰው ባገሩ ነው የምንጠራው፤ ጃፓኑ፣ ጣሊያኑ፣ ጀርመኑ፣ ቻይናው። እኔ የጃፓን ወገን ነኝ፤ የምነዳውም አሮጌ ጃፓን ነው። የጃፓን መሐንዲስ በገበያ ቀን ደባርቅ መጥቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ስንት ሰው፣ ስንት በግና ስንት ኩንታል ገብስ አንድ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚገባ አይቶ የሄደ ይመስለኛል። ያለዚያማ ለአስራ ሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ መኪና ሃያ አራት ሰው ከነዶሮው እንዴት ይይዛል? ጃፓን መኪና ሲሠራ መንገዱ መጥፎ፣ ሹፌሩ ሰነፍ፣ ባለቤቱ ንፉግ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ አውቆም ይቅር ብሏል። ጀርመኑ ይቅር አይልም። አንዷን ብሎን ለመፍታት ሦስት ሌላ ብሎን፣ ሦስቱን ለመፍታት ደግሞ ጀርመን አገር ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የድሮው የጣሊያን ከባድ መኪና አፍንጫው ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ዳገት ሲይዝ ዳባት ያለ ሰው ከአልጋው ይነሳል። የዛሬዎቹን ግን ተዉኝ። ፊታቸው ሁሉ የተቆጣ ነው፤ መብራታቸው ጨፍኖ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ምን እንዳደረግናቸው እንጃ። ጋቢናቸው ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የሊማሊሞን ገደል ትቶ ቴሌቪዥን የሚያይ ሹፌር የፊልሙ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የአማቼ መኪና እንግሊዝ ናት። አጭር፣ አራት ማዕዘን፣ አካሏ አሉሚንየም፣ ቀለሟ አንድ ጊዜ አረንጓዴ የነበረ። ክብ ክብ ዓይኖቿ አፍንጫዋ አጠገብ ተጠጋግተዋል፤ ከሩቅ ስትመጣ መነጽሯ የጠፋባት አሮጊት ትመስላለች። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ በሥርዓቱ እሷንም አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። እሳቸውን አንቱ እላለሁ። የታላቅ እህት ባል ናቸውና ስድቤ ሁሉ በአንቱታ ነው።

“አንቱ፣ ይህችን የሠራው ሰውዬ ወንበር የሚባል ነገር አይቶ ያውቃል?”

“ወንበር ለሚያንቀላፋ ነው። እሷ ሹፌሯ እንዳይተኛ ታስቦባት ነው።”

“በሩስ? ለምንድን ነው የማይገጥመው?”

“አየር እንድታገኝ ነዋ። አንተ ጃፓንህ ውስጥ ታፍነህ ነው እንዲህ የምትቀባጥረው።”

“ዝናብ ሲመጣስ?”

“ትታጠባለህ።”

በዚህች መኪና ነው እህቴን ያገቡት፤ ልጆቻቸውንም ያስተማሩት በእሷ ነው። ቱሪስት ባለ ጊዜ ቱሪስት ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሰውና ገብስ ጭነው ወደ ዛሪማ ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። ድጓ ጀምረው ሳይጨርሱ ነው ጋቢና የገቡት። እኔ እንደማወራው ከሆነ፣ አንድ የጣሊያን ከባድ መኪና በቅኔ ማኅሌቱ ጀርባ ሲያልፍ ሰምተው መቋሚያቸውን ጥለው ተከተሉት። እሳቸው “ውሸቱን ነው፣ መቋሚያዬን አልጣልኩም” ይላሉ። ከዚያ ትምህርት ጆሮው ቀርቶላቸዋል፤ ሞተርን በዜማ ነበር የሚለዩት።

“ጣሊያኑ ዕዝል ነው” ይሉኝ ነበር። “ከሆዱ የሚያወጣ፣ የማይቸኩል። ያንተ ጃፓን ግዕዝ ነው። ቀጥ ያለ ነው፣ አይሳሳትም፤ ግን አያስለቅስም።”

“እንግሊዟስ?”

“አራራይ። አንጀት ትበላለች።”

“ጀርመኑስ?”

“ጀርመኑ ዜማ የለውም። ንባብ ነው።”

“ቻይናው?”

“እሱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። ጊዜ ስጠው።”

ጨዋታችን ከዚህ መጣ። ከጎማ ቤቴ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ ጀርባችንን ለአስፋልቱ፣ ፊታችንን ለግድግዳው ሰጥተን እንቀመጣለን። መኪና ሲመጣ ሳንዞር የየት አገር እንደሆነ፣ ጭኖ ይሁን ባዶውን፣ በስንተኛ ማርሽ እንደያዘው እንናገራለን። ዳኛችን ባለ ሻይ ቤቷ ናት። ፊቷ ወደ መንገዱ ነው፤ አታዳላም፣ ሁለታችንንም እኩል ነው የምትንቀን። የተሸነፈ ሰው ይነሳል፣ ብርጭቆውን ይይዛል፣ በሰው ፊት የሌላውን መኪና ያመሰግናል። ቅጣቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እኔ በዚህ ጨዋታ ሃያ ዓመት ስሸነፍ ኖሬያለሁ። እንግሊዟን አመስግን ስባል እንደ ኮሶ ነበር የምውጠው። “ጥሩ ብረት ናት፤ ቢያቀልጧት አርባ ድስት ይወጣታል” ብዬ እቀመጣለሁ። ባለ ሻይ ቤቷ “ይኼ ምስጋና አይደለም፣ ድገም” ትላለች። “ክዳኑ ሳይቆጠር” እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነገሩ ተገለበጠ። አማቼ መሸነፍ ጀመሩ። ከባዱን መኪና ያገኙታል፤ ትንሹ ሲመጣ ግን ዝም ይላሉ፣ ወይም እኔ ከተናገርኩ በኋላ ሌላ አገር ይጠራሉ። እኔም ሃያ ዓመት የተጠራቀመብኝን በአንድ ክረምት ልወጣው ተነሳሁ። ይነሱ! ያመስግኑ! እላለሁ። ይነሳሉ። የእሳቸው ምስጋና ግን እንደ እኔ የድስት ወሬ አልነበረም፤ መልክእ ነበር የሚደርሱት። ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሰላም እንደሚሉት፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው የጃፓኑን አካል በየተራ ሰላም ይላሉ።

“ሰላም ለፍሬቻህ፣ ቀኝ ብሎ ግራ ለማያጥፍ። ሰላም ለራዲያተርህ፣ ሊማሊሞ ላይ ላልተቆጣ። ሰላም ለስፖኪዮህ፣ ያለፈውን አሳይቶ ለማያስቆጭ።”

አንድ ጊዜ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ቄስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “አንተ ሰው፣ ይኼ ነገር ኃጢአት አይሆንብህም?”

“አባቴ፣ የተሸነፈ ሰው ጸሎት ነው” አሏቸው። ቄሱም ሳቁ፤ ይፍታህ ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን አልበቃኝም። “አንቱ፣ ጆሮዎ እንደ እንግሊዟ በር ሆነ፤ አልገጥም አለ” አልኳቸው። በረንዳው በሳቅ ሞላ። እሳቸው ፈገግ ብለው አፌን ያዩ ነበር። ለምን ዓይኔን ሳይሆን አፌን እንደሚያዩ ያኔ አልጠየቅኩም።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ሰሞን መጣ። እኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ለምን ብሎ መጠየቅ ትተናል፤ እስኪከፈት ሻይ እንጠጣለን። አንድ ቀን ከሰዓት ሙሉ፣ ከአንድ ጋሪ በቀር ምንም አላለፈም። ስሰለች ደግሞ ክፉ ነኝ። ለባለ ሻይ ቤቷ ጠቀስኳትና “መጣ!” ብዬ በጉልበቴ ጠረጴዛውን ከሥር መታሁት፤ ሳቄን ለመያዝም ጭምር ነው።

አማቼ ወደ ብርጭቋቸው አጎነበሱ።

“ጣሊያን ነው” አሉ። “ጭኗል። ሁለተኛ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ልጅ ነው፣ ያጣድፈዋል።”

አስፋልቱ ላይ አንዲት ውሻ እንኳ አልነበረችም። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሆዱን ይዞ ተንከተከተ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። እሳቸውም ዞረው ሰው ሁሉ ሲስቅ አዩና አብረውን ሳቁ። የማይሳቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ በዚያ ሳቃቸው ነው። ሰው የገባውን ሲስቅ ዓይኑ ቀድሞ ይስቃል፤ የእሳቸው ዓይን ግን ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት ይመላለስ ነበር፣ ምን እንደተባለ ፍለጋ።

ብርጭቋቸው ውስጥ ሻዩ ገና ይንቀጠቀጣል።

ለካ እሱን ነበር የሚያነቡት። ከባድ መኪና ሲያልፍ መሬቱ ይነቃነቃል፣ ሻዩ ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው ያውቁታል። ትንሽ መኪና ሻይ እምብዛም አያንቀጠቅጥም። ያን ሁሉ ክረምት የተዋጋኝ ጆሯቸው አልነበረም፤ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ነበር። እኔም ያን ብርጭቆ አሸንፌ ስፎክር ከርሜያለሁ።

ባለ ሻይ ቤቷ መሳቋን አቁማ ተመለከተችኝ። “በል ተነስ፣ ጎማህን ለጥፍ” አለችኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእሳቸው ምን ብዬ ልንገራቸው? ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ጆሮው ከሄደ ሹፌርነቱም ሄዷል፤ ይህን ከእኔ በላይ እሳቸው ያውቁታል። አውቀው ነው የደበቁት። በሳምንቱ መንገዱ ተከፈተና እህቴ ጎማ ቤቴ መጣች።

“ነገ ዛሪማ ለቅሶ ልንደርስ ነው። እሱ ነው የሚወስደን፣ እኔንና ሦስት ጎረቤቶቼን።”

“እኔም እሄዳለሁ፤ ሟቹን አውቃቸዋለሁ።” አላውቃቸውም።

“ሴት ናት የሞተችው” አለች እህቴ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ሲያወራ ይጮህብኛል። ስጠራው አይዞርም። ተቀይሞኝ ይሆን እንዴ?”

“እቴቴ፣ እርጅና ነው” አልኳት። ወደ ጎማዬም አጎነበስኩ።

በማግስቱ ጋቢና ገባሁ። ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል። ጉም ነበር፤ የእኛ አገር ጉም በቢላ ቆርጠው የሚሸጡት ዓይነት ነው። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ የታወቀ ሕግ አለ። የማይታይ ጥምዝ ጋ ስትደርስ ክላክስ ትሰጣለህ፣ ትጠብቃለህ። ከታች መልስ ከመጣ የሚወርደው ይቆማል፣ ጭኖ የሚወጣው ያልፋል። አማቼ ሕጉን አልጣሱም። በየጥምዙ ክላክስ ሰጡ፣ እስትንፋስ ያህል ጠበቁ፣ ነዱ። ሁለቱን ጥምዝ አለፍን፤ መልስ አልነበረም።

ሦስተኛው ላይ መልስ መጣ። ወፍራም፣ ረጅም፣ በጣም ቅርብ።

እሳቸው እስትንፋስ ያህል ጠበቁና ማርሽ አስገቡ።

“ይቁሙ!” አልኩ። ጮኽኩ። ሴቶቹም ጮኹ። እሳቸው መንገዱን እያዩ ወደ ጥምዙ ገቡ። እጄን ሰድጄ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። እንግሊዟ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ ከጉሙ ውስጥ ቀይ ከባድ መኪና ወጥቶ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተነካም።

የከባዱ መኪና ሹፌር ዘሎ ወረደ። ወጣት ነው፤ እጁን ዘርግቶ መጣ። “ደንቆሮ ነህ እንዴ አንተ ሰውዬ? አትሰማም?”

ሹፌር ሁሉ ለሹፌር የሚለው ስድብ ነው፤ እኔም ስንቱን ብዬዋለሁ። አማቼ አፉን አዩት። ከኋላ እህቴ አለች፣ ጎረቤቶቿ አሉ። መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

“አዎ ልጄ። አልሰማም።”

ልጁ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ቀረብ ብሎ በመስኮቱ በኩል ትከሻቸውን ሳመ። “ይቅርታ አባባ። አላወቅኩም።”

እህቴ ከኋላ እጇን ዘርግታ ጀርባቸው ላይ አደረገች። እሳቸውም ወርደው በእኔ በኩል ዞሩ፤ ያንን የማይገጥም በር ከፈቱት።

“ውረድ። አንተ ያዛት።”

“እኔ ጃፓን ነው የለመድኩት” አልኩ አፌን ከፈት አድርጌ፣ እንዲያዩት።

“ሰው ነህ፣ ትለምዳለህ።”

ሃያ ዓመት የሰደብኳትን መኪና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳሁ። እውነቱን ልናገር፤ እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልገኝም። መሪዋ ከባድ ነው፣ ወንበሯ ቅጣት ነው። ግን እያንዳንዱን ጠጠር በእግሬና በእጄ ነገረችኝ። ጃፓኔ ስህተቴን ይሸፍንልኛል፤ ስህተት መሥራቴን እንኳ ሳላውቅ ቤቴ ያደርሰኛል። እንግሊዟ ግን ምንም አትደብቅም። ፍሬኑ ሲሞት፣ ጎማው ሲንሸራተት፣ ማርሹ ሲከብዳት ወዲያው ትናገራለች። ለሚሰማ ሰው የተሠራች መኪና ናት። አማቼ አጠገቤ ተቀምጠው መዳፋቸውን ፊታቸው ባለው ላሜራ ላይ ዘርግተው ነበር፤ ልጁ ያተኮሰበት አባት ግንባሩን እንደሚዳስስ።

“ሦስተኛ ላይ ነህ” አሉኝ። “ወደ ሁለት መልሳት። ፍሬን አትርገጥ፣ በማርሽ ያዛት።”

ልክ ነበሩ። ዓይኔ የራሰው በበሩ በኩል በገባው ጉም ነው። እህቴ ብትጠየቅ ሌላ ትላለች።

ዛሪማ ሙቀት ነበር። ለቅሶ ቤቱ ስንገባ አማቼ ድንኳኑ መሐል ቆሙና አለቀሱ። የሟች ልጆች እስኪያባብሏቸው ድረስ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ድረስ አለቀሱ። የሟች ወንድም ወደ እኔ ጠጋ አለ። “ምኗ ናቸው?”

“የቅርብ ዘመድ ናቸው” አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሐኪም አያቸው። የሄደው አይመለስም ተባለ። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያም ተሰጣቸው፤ ሦስት ቀን አድርገው ነፋስ ብቻ ነው የሚያሰማኝ ብለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። እንግሊዟ ግቢያቸው ውስጥ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ያስነሳሉ፣ መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አድርገው ይቆማሉ፣ ያጠፏታል። እህቴ በመስኮት እያየች ቁርስ ታቀርባለች፤ አትጠራቸውም።

ሻይ ቤት መምጣቱን ግን አልተዉም። ቦታቸው ያው ነው፤ ጀርባቸው ለአስፋልቱ። በቅርቡ ደግሞ ያ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና መምጣት ጀምሯል። አንድ ቀን አንዱ ከኋላችን አልፎ ባለ ሻይ ቤቷ “አለፈ እኮ!” እስክትል እኔም አልሰማሁትም። ለእሳቸው በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው፤ ድምፅ የለውም፣ ማንም አይሰማውም አልኳቸው። አሰቡበት።

“እንግዲህ ሁላችሁም እኔን ልትሆኑ ነው” አሉ።

ጎንደር መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ በምትባለው ቦታ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰውዬ እንግሊዟን ሊገዛት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊነዳት አይደለም። አበባ መሐል አቁሟት እንግዶች ፎቶ እንዲነሡባት ነው። እኔ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። “ቆማ ከምትበሰብስብኝ ሰው ይያት” አሉና ቁልፉን ሰጡት። ግቢው ውስጥ ቆመው አልሸኟትም። ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ሻይ ቤቱ መጡ፤ ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሻይ አዘዙ፤ አልጠጡትም። ብርጭቆውን ብቻ ያዩ ነበር።

መኪኖች አለፉ። ጃፓን አለፈ፣ ቻይና አለፈ፤ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ከግቢያቸው በኩል ሰማኋት። ያን ድምፅ ሃያ ዓመት ቆርቆሮ የሚጎትት ውሻ ነው ስለው ኖሬያለሁ። ያን ቀን አራራይ ነበር። ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ ዋሸሁ።

“ጃፓን ነው! ባዶውን ነው!”

አማቼ ብርጭቋቸውን እንዳዩ ቀሩ። ሻዩ ጫፍ ጫፉን ትንሽ ተሸበሸበ።

“እሷ ናት” አሉ። “ሁለተኛ ላይ ናት። ሰውዬው እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፏል፤ ይፈጀዋል።”

ባለ ሻይ ቤቷ እስክታልፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት፤ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ እስክትሰወር። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። “ተሸንፈሃል። ተነስ።”

ተነሣሁ። ብርጭቆዬን ያዝኩ። የድስቱ ቀልድ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣም አለኝ።

“ሰላም ለክብ ዓይኖችሽ” አልኩ፣ “ጉም ውስጥ መንገድ ላልጠፋቸው። ሰላም ለወንበርሽ፣ ወንበር ከተባለ። ሰላም ለማይገጥመው በርሽ፣ እህቴን ሙሽራ አድርጎ ላስገባው። ሰላም ለፍሬንሽ፣ ሊማሊሞ ላይ ለእኔ እጅ ለታዘዘው።”

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። አማቼ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ አፌን እያዩ ነበር።

“አልሰማሁም” አሉ። “ድገመው።”

ደገምኩት።

“አሁንም አልሰማሁም። ጮክ በል።”

ባለ ሻይ ቤቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አማቼ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ጢማቸው ሥር ያችን የድሮ ተንኮላቸውን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ከክብ ዓይኖቿ ጀመርኩ፤ ኮሶዬ እስኪሰማ ድረስ።